ሸክላው ምን በደለ?

ጀበና የሚገዛ ሰው ራያ ውስጥ ቆቦ ገበያ ላይ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ያነሣዋል፣ በጣቱ ኳ ኳ ያደርገዋል፣ ጆሮውን ጣል አድርጎ ያዳምጠዋል። ድምፁ ከጠራ በዋጋው ይከራከራል፤ ከታፈነ መልሶ ያስቀምጠዋል። ያ ድምፁ የጠራ ጀበና ከወራት በኋላ ከእጀታው ሥር ሲገነጠል ደግሞ ፍርዱ ዝግጁ ነው፤ «ሸክላ አይደል፣ ምን ይጠበቃል!» አፈሩ ይወቀሳል፤ አፈሩ ሲወቀስ ሸክላ ሠሪዋም አብራ ትነሣለች።

ፒፓ አጫሾችም ከዚህ የተሻለ አያስቡም። የተሰነጠቀ ፒፓ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ከምን እንደተሠራ ነው። እንጨት ነው? ሸክላ ነው? የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው? አንገቱ ቀጥ ያለ ይሁን ቆልመም ያለ፣ ግድግዳው የቱ ጋ ይሳሳ፣ ቱቦው ከራሱ ጋር በምን ዓይነት ማዕዘን ይገናኝ፣ ይህን የሚጠይቅ ከስንት አንድ ነው። ቅርጽ ለዓይን ነው፣ ዕድሜ የሚሰጠው ቁሱ ነው ተብሎ ጉዳዩ ከተዘጋ ቆይቷል።

መከፈት አለበት። ቁስ አንድ ዕቃ ምን ያህል ሊችል እንደሚችል ድንበሩን ያበጃል እንጂ የት እንደሚሰበር፣ መቼ እንደሚሰበር፣ ከመሰበሩ በፊት ስንት ዓመት እንደሚያገለግል በአብዛኛው የሚወስነው ቅርጹ ነው። ለዚህ ደግሞ ከፒፓ የተሻለ ምስክር አይገኝም። እጅ በምትሞላ ትንሽ ዕቃ ላይ እሳት፣ እርጥበት፣ ጥርስና መዳፍ በአንድ ጊዜ ይረባረቡበታል።

በኢትዮጵያ ገጠር የዚህ ቤተሰብ አንጋፋ ጋያ ነው። ውሃ የሚይዘው ሆድ ቅል ነው፤ ትምባሆውና ፍሙ የሚያርፉበት ራስ ሸክላ ነው፤ ጭሱን የሚያመላልሰው ቱቦ ሸንበቆ ወይም ቀርከሃ ነው። ዕድሜውም ብዙዎች ከሚገምቱት ይርቃል። በበጌምድር፣ ጣና አካባቢ፣ ላሊበላ ዋሻ የሚባል ቦታ አለ፤ ከላስታው ላሊበላ ጋር በስም እንጂ በቦታ አይገናኝም። አርኪዮሎጂስቷ ጆአን ዶምብሮውስኪ እዚያ ቆፍረው ካወጧቸው ነገሮች መካከል የውሃ ፒፓ የሸክላ ራሶች ይገኙባቸዋል። ኒኮላስ ቫን ደር መርወ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመ ጥናታቸው በሁለቱ ራሶች ውስጥ የካናቢስ ቅሪት ማግኘታቸውን ጻፉ። የተገመተላቸው ዘመን 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያኔ ኮሎምበስ አልተወለደም፤ ትምባሆም ከአሜሪካ አልተሻገረም።

ቅሉ የለም፣ ሸንበቆው የለም። የቀረው ያ «ምን ይጠበቃል» የሚባለው ሸክላ ነው።

ተከራካሪው እዚህ ላይ ይነሣል፤ ሸክላ አይበሰብስም፣ ቅል ይበሰብሳል፣ እንግዲህ ይህ የቁስ ድል እንጂ የቅርጽ አይደለም ይላል። ልክ ነው፤ ይህን ነጥብ ይውሰድ። ስለዚህ ቁሱ አንድ ብቻ ወደሆነበት ጉዳይ እንሂድ።

ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እንግሊዝና ሆላንድ ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌለው ነጭ የሸክላ ፒፓ ተሠርቷል። ራሱም ቱቦውም አንድ ወጥ ነው። ከአንድ ጭቃ ይወጣል፣ በአንድ ቅርጽ ማውጫ ይታተማል፣ በአንድ እቶን ይተኮሳል። በለንደኑ የቴምዝ ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ ዛሬም ስባሪው ይለቀማል። የሚለቀመው ግን ምንድን ነው? አብዛኛው የቱቦ ቁራጭ ነው፤ እንደ ጠመኔ ስባሪ ተበጣጥሶ የተበተነ። ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉውን ይገኛል፤ ጭራሽ የሠሪው ምልክት ሳይጠፋ። አንድ አፈር፣ አንድ እሳት፣ አንድ እጅ፤ ዕጣው ግን ሁለት ነው። እንቁላል የመሰለው ክፍል ተረፈ፣ ክር የመሰለው ክፍል ተሰባበረ። «ሸክላ ስለሆነ ነው» የሚለው ምላሽ እዚህ ምንም አያስረዳም፤ የተረፈውም ሸክላ ነውና።

ሠሪዎቹ ራሳቸው ነገሩን ያውቁት እንደነበር የሚመሰክረው የቱቦው ቀዳዳ ነው። ጄ. ሲ. ሃሪንግተን የተባለው አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1954 በሺህ የሚቆጠሩ ስባሪዎችን ለክቶ ያሳየው ነገር ዛሬም ቁፋሮ ቦታ ላይ ዘመን ለመቁጠር ያገለግላል። በ1600 ገደማ 3.5 ሚሊሜትር አካባቢ የነበረው ቀዳዳ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወደ 1.6 ሚሊሜትር ወርዷል። ቱቦው እየረዘመ ሲሄድ ቀዳዳው እየጠበበ ሄደ፤ ቀዳዳው ሲጠብ ደግሞ ለግድግዳው የሚተርፈው ሸክላ ይበዛል። ማንም አፈር አልቀየረም። የተቀየረው ቅርጽ ነው።

የቆቦ ገበሬ ይህን ትምህርት ከማንም ፈረንጅ ሳይቀስም ያውቀዋል፤ ግን በማሽላው ላይ ነው የሚያውቀው። ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉት የአካባቢው ነባር ማሽሎች ቁመታቸው ረጅም ነው፤ ዘግይተው ይደርሳሉ፣ አገዳቸውም ለከብት መኖ፣ ለአጥርና ለማገዶ ይፈለጋል። ከስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ ሆርማትና ግራና-1 ያሉት ዝርያዎች፣ ስማቸውን ከዚሁ ቆላ የወሰዱት፣ ቶሎ የሚደርሱና አጠር ያሉ ናቸው። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ከዞብል ተራሮች አቅጣጫ ሲመጣ ጫፉ ላይ ከባድ ራስ የተሸከመ ረጅም አገዳ ቀድሞ እንደሚጋደም ለገበሬው የሚነግረው አያስፈልግም። አገዳው ስለወደቀ «የማሽላ አገዳ ድሮም ከንቱ ነው» የሚል ሰው ራያ ውስጥ ቢነሣ ይሳቅበታል። ረዘመ፣ ቀጠነ፣ ራሱ ከበደ፣ ወደቀ፤ በቃ። ያው ሰውዬ ቤቱ ገብቶ የጀበናው አንገት ሲሰበር ግን አፈሩን ይራገማል።

ስሌቱ ለአገዳም፣ ለፒፓም፣ ለጀበና አንገትም አንድ ነው። የድፍን ዘንግ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ታጥፎ መሰበርን የመቋቋም አቅሙ 8 እጥፍ ይሆናል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጫፉ ላይ ያረፈው ያው ጫና ሥሩን በእጥፍ ይፈነቅለዋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የማዕዘን ነገር ነው። ጫና በክብ ነገር ላይ ይከፋፈላል፤ ሹል ማዕዘን ሲያገኝ ግን እዚያው ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የሚባሉት የእንግሊዝ የመንገደኛ ጄቶች በተከታታይ አየር ላይ ሲበታተኑ መርማሪዎች ያገኙት ስንጥቁ ከመስኮትና ከመሰል ክፍተቶች ማዕዘን ተነሥቶ መዛመቱን ነው። ዛሬ ከላሊበላ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው በክብ ጠርዝ መስኮት ቁልቁል የሚያየው በከፊል ከዚያ በተገኘ ትምህርት ነው። ቅል የሚበሳ ሰውም ሳያውቀው ከዚሁ ሕግ ሥር ነው፤ ቀዳዳውን በቢላዋ አራት ማዕዘን አድርጎ ከከፈተው ስንጥቁ መነሻውን አገኘ ማለት ነው፤ አክብቦ ከበሳው ያው ቅል ብዙ ይቆያል። ቅል ድንጋይ የሚሰብረው በተረት ብቻ ቢሆንም በደንብ ከተበሳ ከሚታሰበው በላይ ይችላል።

የራያ ቆላ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ዕቃ ምሕረት የለውም። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከምዕራብ በወሎ ደጋ ገደል፣ ከምሥራቅ በዞብል የታቀፈች ሜዳ ናት። በበጋ ዋልካው መሬት እንኳ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቅልና ሸንበቆ እርጥበት ሲያጡ ይኮማተራሉ፤ የተተኮሰ ሸክላ ግን እንዳለ ይቆያል። እንግዲህ የሸክላው ራስና የሸንበቆ ቱቦው በሚጋጠሙበት ቦታ በደረቁ ወራት ክፍተት ይፈጠራል፣ ውሃ ሲገባበት ደግሞ ያብጣል፣ ይጨናነቃል። የጋያ ዕድሜ የሚያልቀው እዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው። እንደ ቡሽ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለ መጋጠሚያ ሲላላ ገፋ ይደረጋል፣ ሲጠብቅ ሳብ ይደረጋል፤ ቀጥ ብሎ በልኩ የተጠረበ መጋጠሚያ ግን አንድ ወቅት ይላላል፣ በሌላው ወቅት ሸክላውን ይሰነጥቃል። ቅሉም ያው፣ አፈሩም ያው።

የጋያን ብልሃት ለማየት ክፍፍሉን ማስተዋል ይበቃል። እሳት ያለበትን ለሸክላ ሰጠ፣ ውሃውን ለቅል ሰጠ፣ አፍ የሚነካውን ለሸንበቆ ሰጠ። አንዱ ሲያረጅ ያ አንዱ ብቻ ይለወጣል። ሸንበቆ እንኳ የራሱ መከላከያ አለው፤ በቁመቱ የሚሰነጠቅ ነገር ቢሆንም አንጓው ጋ ሲደርስ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ይገታል፤ አንጓው ጫፉ አካባቢ እንዲውል አድርጎ የቆረጠ ሰው ምን እንደሚሠራ ያውቃል። «አንድ ወጥ የሆነ ነው የሚጠነክር» የሚል ሌላ የተለመደ አስተያየት አለ። የቴምዝ ጭቃ መልስ ሰጥቶታል፤ አንድ ወጥ የነበረው የነጭ ሸክላ ፒፓ ቱቦው ሲሰበር ብዙ ጊዜ ሙሉው ተጣለ።

ይህ ሁሉ ለትምባሆ ጥብቅና መቆም እንዳይመስል። ፒፓ ቢበረክት ሳንባ አብሮ አይበረክትም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ማጨስን የከለከለው በከንቱ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ዘንድም ትምባሆ የተወገዘ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በአጫሾች ላይ ብርቱ ቅጣት ማወጃቸውን የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። ጋያን ከብዙ ቤት ያስወጣው ግን ሲጋራ ነው ቢባል ያስኬዳል። ሲጋራ ደግሞ ለዕድሜ ጨርሶ ያልታሰበ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን እንዲያጠፋ የተሠራ ፒፓ ነው። ጃፓን ቶባኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር የገዛው የሚሰበርና የሚጠገን ዕቃ ለመሸጥ አይደለም።

የቁስ አምላኪዎች ትልቁ መከራከሪያቸው ብራየር የሚሉት የፒፓ እንጨት ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ ሴን ክሎድ በምትባል ከተማ ለፒፓ የዋለው ይህ እንጨት ከአንድ ቁጥቋጦ ግንድና ሥር መገናኛ ላይ ከሚያብጠው እባጭ ይወጣል። ለሰዓታት ይቀቀላል፣ ለወራት ይደርቃል፣ እሳት ይችላል። ታዲያ ይህ «ባዕድ» ቁጥቋጦ ማን ነው? አስታ ነው። ከቆቦ ወደ ምዕራብ ገደሉን ወጥቶ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የደረሰ ሰው በመንገዱ የሚያገኘው፣ እረኛም ማገዶ ለቃሚም የሚያውቀው ያው አስታ። አውሮፓ ውስጥ በክብር የሚሸጠው የዚሁ የአስታ እባጭ ነው።

አስታ በእርግጥ ጎበዝ እንጨት ነው። ግን ፒፓ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ ከሚደረደሩት ብልሹ ፒፓዎች ብዙዎቹ ከአስታ የተሠሩ ናቸው፤ የሚሰበሩበትም ቦታ የታወቀ ነው። አንደኛው ቀጭኑ አንገት ነው። እርሳስ የሚያህል አንገት ያለው ፒፓ ያምራል፤ አጫሹ የፒፓው ራስ ሳይበርድለት አፉን ሊነቅል ሲጠመዝዝ ግን ማጋጠሚያው እዚያው ይቀራል። ሁለተኛው የራሱ ግድግዳ ነው። ጉድጓዱ ሲቦረቦር መሐሉን ስቶ በአንድ ወገን ግድግዳው ከሳሳ እሳቱ ያንን ወገን ይበላዋል፤ የእንጨቱ ዋጋ አያድነውም። ሦስተኛው ጠርዙ ነው፤ ሰፊና ስስ ጠርዝ አመድ ለማራገፍ በድንጋይ ላይ ሲንኳኳ ይፈረፈራል። በውስጡ የሚጋገረው የጥላሸት ንብርብር እንኳ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙ ካለፈ ሲሞቅ ራሱን ይገፋና ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ያም ቢሆን የጉድጓዱ ቅርጽ ተለወጠ ማለት ነው።

ቀጥ ያለ ፒፓና ቆልማማ ፒፓ ሲነጻጸሩ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል። ቀጥ ያለው ራሱን ከጥርስ አርቆ ያንጠለጥላል፤ ስለዚህ የሚነከሰው አፍ ቶሎ ይቦረቦራል፣ ይሸረፋል። ቆልማማው ራሱ ከአገጭ በታች ስለሚሰቀል ጥርስ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ይቀንሳል፤ አፉ ዕድሜ ያገኛል። በምላሹ እርጥበቱ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፣ እዚያ ይተኛል፣ እንጨቱን ያኮመጥጣል። አንዱ ከአፉ ሲያረጅ ሌላው ከሆዱ ያረጃል። ከአንድ እባጭ የተቆረጡ መንትዮች ናቸው፤ አሟሟታቸውን የለያየው ቅርጽ ነው። «አስታ ከሆነ ይኖራል» የሚለው ሰው ለየትኛው ነው የሚፈርደው?

ቁስን ለማምለክ የመጨረሻው መሰናክል ደግሞ ከሁሉ ርካሹ ፒፓ ነው። አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከበቆሎ ቆረቆንዳ ፒፓ የሚሠራ ኩባንያ እስከ ዛሬ አለ። ቆረቆንዳ ቆቦ ውስጥ ለእሳት መለኮሻ እንጂ ለሌላ አይታሰብም። የአሜሪካው ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር ግን ፊሊፒንስ ላይ ፎቶ የተነሡት ይህንኑ ቆረቆንዳ ነክሰው ነው። ለስላሳ ነው፣ ይቃጠላል፣ ይበሳሳል። የሚያቆየው ግድግዳው ወፍራም መሆኑ፣ ራሱ ቀላል ስለሆነ አንገቱን አለመፈንቀሉ፣ ቱቦውም ተነቅሎ የሚለወጥ መሆኑ ነው። ደካማ ቁስ በደንብ ከተቀረጸ ከአንዳንድ ውድ እንጨት እኩል ይሄዳል። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም፤ ክር የመሰለ የሸክላ ቱቦን ምንም ዓይነት የተመረጠ አፈር አላዳነውም።

ወደ ጀበናው እንመለስ፤ የዚህ ስሕተት ዋጋ በየቀኑ የሚከፈለው እዚያ ነው። ጀበና ሆዱ ክብ ነው፤ በማቶት ላይ የሚቀመጠው ታቹ ማዕዘን ስለሌለው ነው። ያ ክብነት ከፍም ወደ ቀዝቃዛ ወለል ሲወርድ የሚመጣውን ድንገተኛ ለውጥ ይከፋፍለዋል። ሆዱ ተሰንጥቆ የሚሞት ጀበና ጥቂት ነው። የሚሞተው በአንገቱ፣ በጡቱና በእጀታው ነው፤ ማለትም ስስ ነገር ከወፍራም ነገር ጋር በተለጠፈበት ሁሉ። ስሱ ቀድሞ ይደርቃል፣ ወፍራሙ ይዘገያል፤ አንዱ ሲኮማተር ሌላው ይጎትተዋል፤ ገና ሳይተኮስ የዓይን የማያየው ስንጥቅ ይገባል። ምጣድም በራሱ መንገድ ይህንኑ ይናገራል፤ መሐሉ ግሎ ሲስፋፋ ጠርዙ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ይለጠጣል፣ ስንጥቁም ከጠርዝ ተነሥቶ ወደ መሐል ይሄዳል። ጠርዙን የምታለሰልሰው፣ ውፍረቱን እኩል የምታደርገው ሠሪ የምትዋጋው ከዚህ ጋር ነው።

ሸክላ ሠሪዋ ይህን በእጇ ታውቀዋለች። የሸክላ ሠሪ መሽከርከሪያ ሳትይዝ ጭቃውን በመዳፏ ታነሣዋለች፣ እጀታውን የምትለጥፍበትን ቦታ ትጭራለች፣ ታርሳለች፣ በጣቷ ዙሪያውን ትደመድማለች። በአዲስ አበባ ቀጨኔም፣ በወሎ ገጠርም ሥራው ያው ነው። የገበያው ዳኛ ግን ይህንን ሁሉ ዘሎ አፈሩን ይመዝናል። አፈሩን ሲመዝን ደግሞ የዕውቀቷን ድርሻ ከሒሳብ ያወጣል፤ ጀበናው ከበረከተ አፈሩ ጥሩ ነበር፣ ከተሰበረ እሷ ናት። በዚህ ምድር ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ባለ እጅ ላይ ይህ ሌላ ስድብ ነው፤ ስድብ መሆኑ ስለማይሰማ ብቻ የሚታለፍ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ስድቡን ከአፍ ለማስወጣት ነበር፤ ኳ ኳ ከሚያደርገው ጣት ላይ ግን አልደረሰም።

ማንኳኳቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የተሰነጠቀን ከሙሉው፣ በደንብ ያልተተኮሰን ከበሰለው ይለያል። ሆኖም ድምፅ የሚናገረው ዛሬ ስላለው ሁኔታ ነው፤ ነገ የት እንደሚሰበር አይናገርም። ያንን የሚናገረው የእጀታው ሥር ነው። ገዢው ጀበናውን ካንኳኳ በኋላ መልሶ ከማስቀመጡ በፊት አውራ ጣቱን በእጀታው ውስጥ አሳልፎ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ዳበስ ያድርገው፤ ቀጥሎም አንገቱ ከሆዱ የሚወጣበትን ዙሪያ። ለስልሶ፣ ወፈር ብሎ፣ ሳያቋርጥ የሚወርድ ከሆነ ሠሪዋ የጠየቀችውን ይክፈል። ጣቱን ሹል ጥግ ከያዘው ደግሞ አፈሩን አይጠይቅ፤ ከጎኑ ያለውን ያንሣ።